ትምህርቱን ከአዳራሽ ወደ ማሳው መልሱልን

ለ፦ በኢትዮጵያ ለማኅበረሰብ የአካባቢ ጥበቃና የዘላቂ ልማት ትምህርት የገንዘብ ድጋፍ ለምትሰጡ ፈንዶች፣ ኤምባሲዎች፣ ዓለም አቀፍና አገር በቀል ድርጅቶች
ባላችሁበት

ግልባጭ፦
ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን
ለትምህርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የአነስተኛ ድጋፍ አሰጣጥ አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

በሰሜን ሸዋ ደጋ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪም ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ፣ ከተማሪ ወላጆችና ከአካባቢው አርሶ አደሮች ጋር ያቋቋምነው፣ ሕጋዊ ምዝገባ ያለው ትንሽ ማኅበር አለን። ሥራችን ማስተማር ነው። ኮምፖስት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ኩበት ለማገዶ ከመዋል ይልቅ እንዴት ወደ ማሳ እንደሚመለስ፣ የፈረሰ እርከን እንዴት እንደሚጠገን፣ የተተከለ ችግኝ እንዴት እንደሚጸድቅ እናስተምራለን። ለዚህ የሚሆን አነስተኛ ድጋፍ ለማግኘት የምታወጧቸውን ጥሪዎች እየተከታተልን እናመለክታለን። አንዳንዴ ተሳክቶልናል፤ ብዙ ጊዜ አልተሳካልንም።

ይሁን እንጂ ቅሬታችን «ለምን ተከለከልን» የሚል አይደለም። አመልካቹ ብዙ፣ ገንዘቡ ጥቂት መሆኑን እናውቃለን። በተለይ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ካገደ ወዲህ በየጥሪው የሚሰለፈው ድርጅት ቁጥር እንደጨመረ እንረዳለን። ቅሬታችን ሌላ ነው። ድጋፉን ለማግኘትና ለማወራረድ ያስቀመጣችኋቸው መስፈርቶች ተደማምረው ትምህርቱን ራሱን እየቀየሩት ነው። ከማሳ አውጥተው አዳራሽ እያስገቡት ነው። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው እንዳልሆነ እናምናለን፤ እያንዳንዱ መስፈርት ለብቻው ሲታይ በቂ ምክንያት አለው። ተደማምረው የሚያስከትሉትን ውጤት በየቀኑ የምናየው ግን እኛ በመሆናችን ልንነግራችሁ ግድ ሆኖብናል።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሚመስል እናስረዳ። ደጋው ዛፍ የተመናመነበት አገር ነው። ከባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሌላ ማገዶ ስለሌለ እናቶች ኩበት ይጠፈጥፋሉ። ምድጃ ውስጥ የሚነደው ኩበት አፈሩን ሊመግብ የሚገባው ፍግ ነው። አፈሩ ሲከሳ ምርት ይቀንሳል፤ ምርት ሲቀንስ አርሶ አደሩ ዋጋው የማይቀመስ ማዳበሪያ ፍለጋ ይሰለፋል። መፍትሔዎቹ አዲስ አይደሉም። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል። ኮምፖስት ከፍግ፣ ከአረም፣ ከጭድና ከአመድ፣ እጅ ላይ ካለ ነገር ይሠራል። የሚቸግረው እውቀቱን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማሻገሩ ነው።

በትምህርት ቤታችን ጓሮ የኮምፖስት ጉድጓድ አለ። እዚያ የሚያስተምሩት የአንድ ተማሪያችን እናት የሆኑ አርሶ አደር ናቸው። ክምሩ መሀል ረጅም በትር ይተክላሉ። ከቀናት በኋላ ተማሪዎቹ ከበው ቆመው እያዩ በትሩን ይነቅሉታል። በትሩ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ክምሩ በደንብ እየበሰለ ነው። ደርቆ ከወጣ ውኃ ጎድሎታል። ቀዝቅዞ መጥፎ ሽታ ካመጣ ውኃ በዝቶበት አየር አጥቷልና መገልበጥ አለበት። በትሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ልጅ ይዳስሰዋል፣ ያሸተዋል፣ ፍርዱን ይናገራል፤ እናትየው ደግሞ ያርማሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ባክቴሪያና ስለ ናይትሮጅን የማስተምረው ነገር ለልጆቹ ግልጽ የሚሆነው እዚህ ጉድጓድ ዳር ነው። ከዚያም ከተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ ቤታቸው ጓሮ የራሳቸውን ክምር ሲጀምሩ አይተናል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ እኚህ እናት በእናንተ ቅጽ ውስጥ ቦታ የላቸውም። አሠልጣኝ አድርገን ስናቀርባቸው የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንጠየቃለን። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የላቸውም። የሚከፈላቸውን ገንዘብ የምናወራርድበት ደረሰኝ የለም። ስለዚህ ከበጀቱ ይወጣሉ፤ በምትካቸው ዲግሪና የአሠልጣኝነት ሰርተፊኬት ያለው ባለሙያ ከከተማ እንዲመጣ ይደረጋል። ባለሙያው የተማረ ነው፣ እናከብረዋለን። የእኛን አፈር፣ የእኛን ብርድና የእኛን ሰው ግን አያውቅም። ሁለት ቀን አስተምሮ ይመለሳል።

የደረሰኙ ነገር በዚህ አያበቃም። ፍግ የምንገዛው ከጎረቤት ነው። ጭድ የምንገዛው ከገበያ ነው። የጭነት አህያ እንከራያለን። እነዚህ ሻጮች የደረሰኝ ማሽን የላቸውም። አካፋና ውኃ ማጠጫ ለመግዛት ደግሞ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ እንድናመጣ እንጠየቃለን። በከተማችን እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሦስት አይሞላም። የጎደለውን ፕሮፎርማ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ድረስ ሰው ስንልክ የትራንስፖርቱና የአበሉ ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይቀራረባል። በአንድ ወቅት አንድ ለጋሽ ድርጅት የፍግና የጭድ ግዢያችንን ሰነድ አልቀበልም አለን። ሰነዱ የሻጮቹ ስም፣ ፊርማና የጣት አሻራ ያለበት፣ የግዢ ኮሚቴው የፈረመበት፣ ቀበሌው በማኅተም ያረጋገጠው ነበር። ገንዘቡን የማኅበሩ አባላት ከደመወዛቸው አዋጥተው መለሱ። ለሚቀጥለው ጊዜ የተሰጠን ምክር ሥልጠናው ሆቴል ውስጥ እንዲሆን ነበር። ሆቴል ደረሰኝ ይሰጣል፤ አዳራሹም፣ ምሳውም፣ ሻዩም ያለ ችግር ይወራረዳል።

እንደተመከርነው አደረግን። ባነር ተሰቀለ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ታደለ፣ ስለ ኮምፖስት በፕሮጀክተር ማብራሪያ ተሰጠ። ሒሳቡ ያለ አንድ ጥያቄ ተዘጋ። ከተሳታፊዎቹ መካከል ግን ሥልጠናው ላይ አፈር የነካ አንድም ሰው አልነበረም። ክቡራን፣ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ይህን ነው። የሒሳብ መመሪያችሁ ምን መማር እንዳለብን አይልም። የትኛው ወጪ በቀላሉ እንደሚወራረድ በመወሰን ብቻ ግን ትምህርቱ የት፣ በማንና እንዴት እንደሚሰጥ ይወስናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። አብዛኞቹ ጥሪዎች የሚወጡት በእንግሊዝኛ ነው። ማመልከቻው፣ የውጤት ሠንጠረዡ፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት ስለ ገዛ ቀያቸው የተጻፈውን ሰነድ ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ይፈርሙበታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ የሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳቡን የመግለጽ ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሰው ያላነበበውን ዕቅድ እንዴት ሊተች፣ እንዴትስ ሊያርም ይችላል? ተማክረን ያቀድነው ሥራ እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ለክፍያ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ባለሙያ ነው። ለእርሱም አንፈርድበትም። ነገር ግን ቦታውን ስለማያውቀው ለጋሾች የለመዷቸውን ቃላት ይጠቀማል፤ የእኛም ፕሮፖዛል የደቡብ ወሎውም የጌዴኦውም አንድ ዓይነት ይሆናል። ለመክፈል አቅም የሌለው ማኅበር ደግሞ ማመልከቱን ይተወዋል። በመጨረሻ የሚመዘነው የጽሑፉ ጥራት ይሆናል፤ የማስተማሩ ብቃት ሳይመዘን ይቀራል።

ማመልከቻ የሚላክበት መንገድም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ በኦንላይን ብቻ የሚቀበሉ ጥሪዎች ቀነ ገደባቸውን ጠብቀው ይዘጉ ነበር። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠው በአውቶቡስ ተሳፋሪ እጅ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ የላኩ ማኅበራት አሉ። እንዲያ ዓይነት ሰው ያላገኙት ከውድድሩ ወጡ። ከውድድሩ የወጡት በኔትወርክ ምክንያት እንጂ በሥራቸው ድክመት አልነበረም።

ሦስተኛው ወቅት ነው። የእኛ ሥራ የክረምትንና የበጋን ዑደት ተከትሎ የሚሠራ ነው። ኮምፖስት ለማዘጋጀት ምርጡ ጊዜ እርጥብ አረምና ሣር የሚትረፈረፍበት መስከረምና ጥቅምት ነው። የእርከንና የተፋሰስ ሥራ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ጥርና የካቲት ላይ ይሠራል። ጽድና ወይራ ለሐምሌ ተከላ እንዲደርሱ ከብዙ ወራት በፊት መፍላት አለባቸው። ትምህርት ቤት ደግሞ መስከረም ተከፍቶ ሰኔ ይዘጋል። የእናንተ በጀት ብዙ ጊዜ የሚሄደው በፈረንጆቹ ዓመት ነው። ጥሪው ይወጣል፣ ምርጫው ይዘገያል፣ ውሉ ግንቦት ላይ ይፈረማል፣ ገንዘቡ ሰኔ ላይ ይደርሳል፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ተጠናቆ ሪፖርት ይቅረብ ይባላል። ገንዘቡ ሲደርስ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ናቸው ወይም ለእረፍት ተበትነዋል። ችግኙን ለማፍላት ጊዜ ስለሌለ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ ይመጣል። ተማሪው ዘር ሲዘራ፣ ፕላስቲኩን አፈር ሲሞላ፣ ጥላ ሲሠራ፣ ሲያጠጣ አያይም፤ የሚደርሰው ለተከላው ቀን ብቻ ነው።

ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ መትከል በአገራችን ልማድ እየሆነ መጥቷል። ማጽደቅ ግን ሌላ እውቀት ነው፤ ከብት መከልከልን፣ በበጋ ማጠጣትን፣ መኮትኮትን፣ የሞተውን መተካትን ይጠይቃል። ይህን የሚያስተምረው የተከላው ማግስት እንጂ የተከላው ቀን አይደለም። በእናንተ ዘመን አቆጣጠር ግን ማግስቱ ከፕሮጀክቱ ውጭ ነው።

አራተኛው የሰው ጉልበትና የጊዜ ርዝመት ነው። ብዙዎቻችሁ በአነስተኛ ድጋፍ ውስጥ ደመወዝም የሥራ ክፍያም አንሸፍንም ትላላችሁ። የውኃ ጉድጓድ ለሚቆፍር ፕሮጀክት ሲሚንቶና ቱቦ ዋናው ወጪ እንደሆነ ሁሉ ለትምህርት ፕሮጀክት ዋናው ወጪ አስተማሪው ነው። ቅዳሜውን ትቶ ከተማሪዎች ጋር ማሳ የሚውል መምህር፣ ከእርሻዋ ተነስታ የምታስተምር እናት፣ የችግኝ ጣቢያውን የሚጠብቅ ወጣት የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ ናቸው እንጂ የቢሮ ወጪ አይደሉም። ሕጉም ይህን ይደግፋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ አስተዳደራዊ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ወጪ ነው። የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ይገድብ የነበረውና ብዙ የሥራ ወጪን እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጥር የነበረው የቀድሞው 70/30 የሚባለው አሠራር ከተሻረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በብዙ የበጀት ቅጾች ላይ ግን መንፈሱ ዛሬም አለ፤ ለሰው የሚከፈል ገንዘብ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። መምህራን በነጻ እንዲሠሩ ይጠበቃል። የኑሮው ውድነት ደግሞ በነጻ መሥራት የሚችለውን ሰው ከዓመት ዓመት እያሳነሰው ነው። ክበቡን ትተው ለማስጠናት የሄዱ ጎበዝ መምህራን አሉ። ቤተሰብ አላቸውና አንወቅሳቸውም።

የጊዜውን ጉዳይ አገራችን ራሷ ያላት ልምድ ያስረዳል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ የመሩት የዘላቂ ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከጥቂት መንደሮች ጋር የኮምፖስት ሥራ ጀመረ። አርሶ አደሮች በገዛ ማሳቸው ኮምፖስት ያገኘውን፣ ማዳበሪያ ያገኘውንና ምንም ያላገኘውን መሬት ምርት እያነጻጸሩ እንዲያዩ ተደረገ። አንዱ ከሌላው እየተማረ፣ ባለሙያውም ከአርሶ አደሩ እየተማረ፣ ሥራው ከመንደሮቹ አልፎ ወደ ክልሉ የግብርና ኤክስቴንሽን ገባ። ይህ ሁሉ ዓመታትን ወስዷል። የ12 ወር ውል ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ የሚያልቀው የመጀመሪያዎቹ አርሶ አደሮች የመጀመሪያ ምርታቸውን አይተው ሳያበቁ ነበር። ዛሬ ግን ከእኛ የሚጠየቀው ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ወጣት የሚል ቁጥር ነው። ከዓመት በኋላ ማን ቤቱ ኮምፖስት እየሠራ እንደሆነ የሚጠይቀን ለጋሽ እስካሁን አልገጠመንም።

አምስተኛው የብቃት መመዘኛ ነው። የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርትና ከዚህ በፊት የተንቀሳቀሰ ገንዘብ መጠን ትጠይቃላችሁ። ገንዘብ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምድ ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። አዲስ ማኅበር በዚህ መካከል ይቀራል። በሌላ በኩል የአገራችን ሕዝብ ገንዘብን በአደራ የሚያስተዳድርበት የራሱ ተቋም አለው። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ አለው፤ በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፣ በመዝገብ ይጽፋል፣ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ሒሳቡን ያስመረምራል። ዕቃው ሳይጠፋ፣ ገንዘቡ ሳይጎድል ለብዙ ዓመታት የኖሩ እድሮች በየሰፈሩ አሉ። እድር ያለበት ሰፈር ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ የሚስማማበትና አጥፊን የሚገሥጽበት ቦታ አለው። ለማኅበረሰብ ትምህርት ከዚህ የተሻለ መድረክ ከየት ይመጣል? በመስፈርታችሁ ግን እድር አመልካችም፣ የአመልካች አጋርም ለመሆን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

እዚህ ላይ የብርን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን ከ57 ብር ትንሽ አለፍ ይል የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በብር የጸደቁ በጀቶች በወረቀት ላይ እንደነበሩ ቆዩ፤ የዕቃው፣ የነዳጁና የትራንስፖርቱ ዋጋ ግን አልቆየም። የበጀት ማስተካከያ የጠየቁ ትናንሽ ማኅበራት ውሉ አይፈቅድም ተባሉ። የታቀደው የምድጃ ቁጥር ካልተሟላ ደግሞ ዕቅድ አልፈጸማችሁም ተብሎ ለሚቀጥለው ጥሪ ይያዝባቸዋል።

ክቡራንና ክቡራት፣

የምንጠይቃችሁ ከዚህ በፊት ያልተሰማ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆኑትን በአካባቢው ሰው የሚመራ የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ ስምንት መርሆች ከመካከላችሁ ተቀብለው የፈረሙ አሉ። ከመርሆቹ አንዱ ገንዘቡ ረጅም ጊዜ የሚዘልቅ፣ አስቀድሞ የሚታወቅና በቀላሉ የሚገኝ ይሁን ይላል። የፓሪሱ ስምምነት በአንቀጽ 12 አገሮች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ትምህርት፣ ሥልጠናና የሕዝብ ተሳትፎ እንዲተባበሩ ያዛል። አሠራሩም ቢሆን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም በአገር ቋንቋ የተጻፈ፣ ከዚያም አልፎ በቪዲዮ የቀረበ ማመልከቻን የሚቀበል አሠራር ዘርግቷል። አንድ ፈንድ የቻለውን ሌሎቻችሁ የማትችሉበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ አነስተኛ የድጋፍ ጥሪዎች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ ይውጡ፤ ማመልከቻና ሪፖርትም በእነዚሁ ቋንቋዎች ይቅረብ። መጻፍ ለሚያዳግተው በድምፅ ወይም በቪዲዮ ማቅረብ ይፈቀድ። ትርጉም ካስፈለጋችሁ ወጪውን እናንተ ሸፍኑ። ኢንተርኔት በተቋረጠበት አካባቢ ማመልከቻ በእጅ የሚሰጥበት ቦታ ይኑር፣ ቀነ ገደቡም ይራዘም።

ሁለተኛ፣ ለአነስተኛ የገበያ ግዢ ጣሪያ ወስናችሁ እስከዚያ ድረስ ሻጩ የፈረመበት፣ የግዢ ኮሚቴና ቀበሌ ያረጋገጡት ሰነድ ለማወራረጃ ይብቃ። አቅራቢ በሌለበት ከተማ ሦስት ፕሮፎርማ አይጠየቅ። የአካባቢው አርሶ አደር በወላጅ መምህር ኅብረት ምስክርነት አሠልጣኝ ሆኖ ክፍያ ያግኝ።

ሦስተኛ፣ የጥሪያችሁን ጊዜ ከእኛ ወቅት ጋር አስማሙ። ጥሪው በበጋ ወጥቶ ገንዘቡ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ቢደርስ ሥራው ሁሉ ቦታውን ይይዛል። ውሉም ቢያንስ ሁለት ክረምት የሚዘልቅ ይሁን።

አራተኛ፣ የማስተማር ክፍያ የፕሮጀክት ወጪ ተብሎ ይታወቅ። ዋጋ በድንገት ሲንር በጀት የሚስተካከልበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ ይካተት።

አምስተኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያመለክቱ ማኅበራት የኦዲት ታሪክ የማይጠይቅ አነስተኛ መነሻ ይዘጋጅ። እድሮችና የትምህርት ቤት ክበባት ከተመዘገበ ማኅበር ጋር በጋራ እንዲያመለክቱ፣ ገንዘቡም በጋራ ፊርማ እንዲንቀሳቀስ ይፈቀድ።

ስድስተኛ፣ ላልተመረጠ አመልካች ምክንያቱን በጥቂት መስመር ጻፉለት። «አልተመረጣችሁም» የሚለው መልስ ብቻውን ማኅበሩ ለቀጣዩ ጥሪ ምን ማሻሻል እንዳለበት አያስረዳውም።

ሰባተኛ፣ ፕሮጀክቱ ባለቀ በዓመቱ ተመልሳችሁ ኑ። የጸደቀውን ችግኝ ቁጠሩ፣ በየቤቱ ያለውን የኮምፖስት ጉድጓድ እዩ፣ ምድጃውን የሚጠቀሙትን እናቶች አነጋግሩ። ቀጣዩን ድጋፍ ለማን እንደምትሰጡ በዚያ ወስኑ።

በእኛም በኩል ግዴታችንን እናውቃለን። ገንዘቡ ከሌላ አገር ግብር ከፋይ ወይም ከበጎ ፈቃደኛ ኪስ የወጣ በመሆኑ ቁጥጥር ሊደረግበት ይገባል። ቁጥጥሩ ይቅርልን አላልንም። እንዲያውም ከዛሬው የጠበቀ ቁጥጥር ለመቀበል ፈቃደኞች ነን። ማኅበራችን የእያንዳንዱን ድጋፍ መጠንና ወጪ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ፣ በየሩብ ዓመቱ በወላጆች ስብሰባ ፊት ሒሳቡን ለማስመርመርና ተቆጣጣሪዎቻችሁን ያለ ቀጠሮ ለመቀበል ዝግጁ ነው። ፍግ የሸጠው ሰው ራሱ በስብሰባው ላይ ተገኝቶ «አዎ፣ ይህን ያህል ተቀብያለሁ» ማለት ይችላል። ለሕዝብ ገንዘብ ከሕዝብ ዓይን የበለጠ ጠባቂ አናውቅም።

ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንና ለትምህርት ሚኒስቴርም አንድ ጥያቄ አለን። ለጋሾችንና ትናንሽ ማኅበራትን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አሰባስባችሁ፣ ለአነስተኛ ድጋፎች የሚያገለግል አንድ ወጥና ቀላል የማመልከቻና የሒሳብ ማወራረጃ ሥርዓት እንዲዘጋጅ አስተባብሩ። እያንዳንዱ ለጋሽ የየራሱን ቅጽ ይዞ ሲመጣ ለአንድ ዓይነት ሥራ ብዙ ዓይነት ሪፖርት እንጽፋለን፤ ያንን ጊዜ ከተማሪዎቻችን ላይ ነው የምንወስደው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ያወጣነው ችግሩ የአንድ ማኅበር ብቻ ስላልሆነ ነው። በጣና ዳር እምቦጭን በእጃቸው የሚነቅሉ ወጣቶች፣ በከተማ ቆሻሻ መለየትን የሚያስተምሩ ሴቶች፣ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የፕላስቲክ ከረጢት ክልከላ በሰፈራቸው ሥራ ላይ እንዲውል የሚያስረዱ ተማሪዎች ይህንኑ እንደሚሉ እርግጠኞች ነን። በመጪው ጥሪያችሁ ከዘረዘርናቸው ጥያቄዎች ቢያንስ የቋንቋው፣ የደረሰኙና የወቅቱ ተስተካክለው እንደምናይ ተስፋ እናደርጋለን። ምላሻችሁንም በጽሑፍ እንጠብቃለን። ከውሳኔያችሁ በፊት ግን ከከተማ ወጥታችሁ፣ አንድ የትምህርት ቀን መርጣችሁ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ጉድጓዱ ዳር ቆማችሁ ትምህርቱን እንድትከታተሉ በአክብሮት እንጋብዛችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ መምህር
ስለ ማኅበሩ አባላት
ሰሜን ሸዋ